የልብስ አጣቢዋ ልጅ ከተማ

 

ልጆቻችሁ ከጋን ወይም ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡት የተረት መጻሕፍት መካከል አንዱ ስለ አንድ መልከ ጥፉ የዳክዬ ጫጩት የሚተርክ ሳይሆን አይቀርም። በዕብራይስጥ «ሀባርቫዞን ሀመኮዓር» ይባላል። ጫጩቱ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ስለማይመሳሰል ይነከሳል፣ ይገፈተራል፣ ከግቢ ይባረራል። ክረምቱን በብርድና በረሃብ ካሳለፈ በኋላ አንድ ቀን መልኩን በውኃ ውስጥ ቢያይ፣ ለካስ እሱ ዳክዬ ሳይሆን በዕብራይስጥ ባርቡር የምትባለው የነጭዋና የአንገተ ረጅሟ የውኃ ወፍ ልጅ ኖሯል።

ይህን ተረት የጻፈው ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው። ተረቱ የታተመው በ1843 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን። አንደርሰን በሕይወቱ ዘመን ከ150 በላይ ተረቶችን ጽፏል፤ ተረቶቹም ከመቶ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል። የልደቱ ቀን ኤፕሪል 2 ከ1967 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሕፃናት መጽሐፍ ቀን ሆኖ ይከበራል። በስሙ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማትም በ1996 የእስራኤሉ ደራሲ ዑሪ ኦርሌቭ ተቀብሎታል።

ታዲያ ይህ ሰው ከምን ዓይነት ቤት ወጣ? ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ይህ ነው። በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ወደየቤቱ ስገባ ብዙ እናቶችና አባቶች «እኛ አልተማርንም፤ ዕብራይስጡንም ገና አልያዝነውም። ለልጆቻችን ምን ልናወርሳቸው እንችላለን? ከእንግዲህ ያለው የትምህርት ቤቱ ፋንታ ነው» ይሉኛል። ይህን ለሚሉ ወላጆች መልስ የሚሆን ነገር ያገኘሁት አንደርሰን በተወለደባት በኦዴንሴ ከተማ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከተማዋን አብረን እንጎብኛት።

ኦዴንሴ የምትገኘው ፊውን በምትባል የዴንማርክ ደሴት ላይ ነው። ከዋና ከተማው ከኮፐንሃገን በባቡር ሲነሡ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በመካከሉ ሰፊ ባሕር አለ፤ ሆኖም ከ1997 ጀምሮ ባቡሩ ባሕሩን በድልድይና በመሬት ውስጥ መንገድ ያልፈዋል። በአንደርሰን የልጅነት ዘመን ግን ይኸው መንገድ በፈረስ ሠረገላና በመርከብ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ኦዴንሴ ዛሬ በአገሩ ሦስተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። ያን ጊዜ የነበራት ሕዝብ ስድስት ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ቢሆንም የመሳፍንት ቤት፣ የጦር ሠፈርና ቲያትር ቤት ነበራት። ሀብታሙና ድሀው በአንድ መንገድ ይሄዱ ነበር፤ በአንድ ማዕድ ግን አይቀመጡም ነበር።

እኔ ከተማዋን ያየኋት በነሐሴ ወር ዕረፍቴ ነው። እንግዳ ሰው መንገድ አይጠፋበትም፤ በመንገዱ ንጣፍ ላይ የጫማ ዱካ ምልክት ተደርጎበታል። ዱካውን የተከተለ ሰው ደራሲው በልጅነቱ ያለፈባቸውን ቦታዎች ያያል። በዝቅተኛዎቹ ቤቶች መካከል ስሄድ ቤቶቹ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ተቀብተው፣ በደጃቸው አበባ ተተክሎ አየሁ። ያ ሠፈር ግን በአንደርሰን ልደት ዘመን የድሆች መንደር ነበር። ዛሬ ቱሪስቱ ፎቶግራፍ የሚያነሣው የትናንቱን ድህነት በቀለም አሸብርቆ ነው።

በዚሁ ሠፈር ውስጥ በአንድ ማዕዘን ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ቤት አለች። አንደርሰን በኤፕሪል 2 ቀን 1805 የተወለደው በዚህች ቤት ነው ተብሎ ይነገራል። ከተማው ቤቷን ገዝቶ በ1908 ሙዚየም አደረጋት። በ2021 ደግሞ ኬንጎ ኩማ የተባለው የጃፓን የሕንፃ መሐንዲስ የነደፈው ታላቅ አዲስ ሙዚየም ከአጠገቧ ተከፈተ። ከሙዚየሙ ብዙው ክፍል የተሠራው ከመሬት በታች ነው፤ በላዩ ላይ የአትክልት ሥፍራ አለ።

አንደርሰን የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው የወላጆቹን አልጋ ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። ሲያገባ አልጋ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ የአንድ መኰንን አስከሬን ያረፈበትን የእንጨት መደብ ገዝቶ በገዛ እጁ አልጋ አድርጎ ሠራው። የሐዘኑ ጥቁር ጨርቅ ቁራጭ ከእንጨቱ ላይ ገና አልተነሣም ነበር። ሕፃኑም በዚያ አልጋ ላይ ተወለደ። ደራሲው ይህን ሲተርክ አላፈረበትም፤ የታሪኩ መጀመሪያ አደረገው እንጂ።

ዱካውን ተከትለን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ስንወርድ ሙንከሞለስትሬዴ የሚባል መንገድ እናገኛለን። ቤተሰቡ ከ1807 እስከ 1819 የኖረው እዚያ ነው። ይህችም ቤት ከ1930 ጀምሮ ሙዚየም ናት። ቤቲቱ ለአንድ ቤተሰብ እንኳ የምትበቃ አይደለችም፤ ነገር ግን ሌሎች ቤተሰቦችም ይኖሩባት ነበር። የአንደርሰን ቤተሰብ ድርሻ አንዲት ክፍልና ትንሽ ማድቤት ነበረች። በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ የአባቱ የሥራ ጠረጴዛ፣ አልጋውና የልጁ መኝታ ተጠጋግተው ይገኙ ነበር። በመርካዝ ክሊታ በአንድ ክፍል የኖራችሁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሙዚየም መግባት አያስፈልጋችሁም።

ከማድቤቱ በመሰላል ወደ ጣራው ሥር ይወጣል። ከጣራው ጫፍ፣ ከጎረቤት ቤት ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ላይ፣ እናቱ በሣጥን ውስጥ አፈር ሞልታ ለወጥ የሚሆኑ ቅጠሎች ትተክል ነበር። የእናቱ የአትክልት ሥፍራ ይኸው ነበር። አንደርሰን በ1844 «የበረዶዋ ንግሥት» የሚለውን ዝነኛ ተረቱን ሲጽፍ፣ የሁለቱ ልጆች መጫወቻ አድርጎ ያቀረበው ያንን በጣራ ላይ ያለ የሣጥን አትክልት ነው። እናቱ የተከለችው ለምግብ ነበር፤ ልጁ ግን ለዓለም ልጆች ሁሉ የሚበቃ ገነት አደረገው።

አባቱ ጥቂት ማንበብ የሚችል፣ መማር እየፈለገ ድህነት ያገደው ሰው ነበር። ማታ ማታ ለልጁ የሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን ያነብለት፣ ከእንጨትም የአሻንጉሊት ቲያትር ይሠራለት ነበር። በሙያው ግን አልቀናውም። አንድ ጊዜ በአንድ ባላባት ርስት ላይ የጫማ ሰፊነት ሥራ እንዳለ ሰማ፤ መኖሪያ ቤትና የላም ግጦሽም አብሮ ይሰጥ ነበር። ለፈተና የባላባቱ ሚስት ሐር ሰጠችውና ቆዳውን ከራሱ አድርጎ የዳንስ ጫማ ሠራላት። እሷ ግን ሳትለካው «ሐሬን አበላሸህብኝ» አለችው። አባትየውም «እርስዎ ሐርዎን ከከሰሩ እኔም ቆዳዬን ልክሰር» ብሎ በቢላዋ ሶሉን ቆርጦ ጣለው። ቤተሰቡ ያን ቀን እያለቀሰ ዋለ። በአገር ቤት አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔም የነበሩ አያቶቻችን ዕቃቸው እየተፈለገ እነሱ ግን እንዴት ይናቁ እንደነበረ የምታስታውሱ ሽማግሌዎች፣ የዚያን ሰው እጅ ያንቀጠቀጠው ነገር ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

በዚያን ጊዜ አውሮፓ በናፖሊዮን ጦርነት ትታመስ ነበር፤ ዴንማርክም ከፈረንሳይ ጎን ቆማ ነበር። አባቱ በ1812 በሌላ ሰው ምትክ በገንዘብ ተቀጥሮ ወታደር ሆነ። በ1813 የዴንማርክ መንግሥት ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፤ ድሀው ያጠራቀመው ሁሉ በእጁ ላይ ቀለጠ። አባትየው ውጊያ ሳያይ በ1814 ተመለሰ፤ ጤናው ግን ተበላሽቶ ነበርና በ1816 ሞተ። ልጁ ያን ጊዜ 11 ዓመቱ ነበር። አንድ ክረምት ላይ አባቱ በመስኮቱ ብርጭቆ ላይ የረጋውን ውርጭ እያሳየ «ይህች እጇን የዘረጋች ሴት እኔን ልትወስድ ነው» ብሎ ቀልዶ ነበር። በሞተ ጊዜ እናቱ ለልጁ «የበረዶዋ ሴት ወሰደችው» አለችው። የበረዶዋ ንግሥት ከየት እንደመጣች አሁን አስተውሉ። አንዲት ያልተማረች እናት ልጇን ለማጽናናት ከተናገረችው ቃል መጣች።

አያቱም ነበረች። የአባቱ እናት በከተማው የድሆችና የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ግቢ ውስጥ አትክልት ትንከባከብ ነበር። ልጁም አብሯት እየሄደ ባልቴቶቹ ሱፍ ከሚፈትሉበት ክፍል ይቀመጣል። ፈታዮቹ እንዝርታቸውን እያሾሩ ከአያት ከቅድመ አያት የሰሙትን ተረት ያጫውቱታል። አንደርሰን በኋላ ላይ በ1835 የመጀመሪያዎቹን ተረቶች ሲያሳትም፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በልጅነቱ የሰማቸው መሆናቸውን ተናግሯል። እነዚያ ሴቶች መጻፍ አያውቁም ነበር፤ ጎተራው ግን የነሱ ነበር። ጥጥ እየፈተሉ «ተረት ተረት» ሲባል ያደጋችሁ እናቶች፣ ይህ የማን ቤት ይመስላችኋል?

አሁን ወደ ወንዙ እንውረድ። የኦዴንሴ ወንዝ ዛሬ በመናፈሻ መካከል ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ሕፃናት ለዳክዬዎች ዳቦ ይጥላሉ። የአንደርሰን እናት አነ ማሪ ግን በዚህ ወንዝ ቆማ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። የዴንማርክ ብርድ እንደ ጎንደር ደጋ ብርድ አይደለም፤ አጥንት ይሰብራል። ልብስ አጣቢዎቹ ለሰዓታት ከውኃ ውስጥ ይቆሙና ሰውነታቸውን ለማሞቅ አልኮል ይጠጣሉ፤ በዚህም የተነሣ መጠጡ ብዙዎቹን ይዞ አስቀረ። አነ ማሪም ወደ መጨረሻዋ ከመጠጥ አላመለጠችም። በልጅነቷ ወላጆቿ ለልመና ይልኳት ነበር፤ መለመኑን ስላልቻለች ከድልድይ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ እንደዋለች ለልጇ ነግራዋለች። በ1845 የታተመውን የክብሪት ሻጯን ልጅ ተረት ያነበበ ሰው ያችን ከድልድይ ሥር ያለች ልጅ ያያታል።

ይህች እናት መጻፍ ስለማታውቅ ለልጇ የምትልከውን ደብዳቤ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላት። ቢሆንም ስለ ልጇ አያያዝ ጽኑ ነበረች። የመጀመሪያዋ አስተማሪ በአለንጋ በመታችው ጊዜ ከዚያ አውጥታ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባችው። ይህ ሁለተኛው ትምህርት ቤት፣ ውድ አንባብያን፣ ካርስተንስ የሚባል መምህር ያስተምርበት የነበረ የአይሁድ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። የክርስቲያን ጫማ ሰፊ ልጅ በአይሁድ ልጆች መካከል ተቀመጠ። ልጁ ከሁሉ ያንስ ስለነበር ሌሎቹ ሲሯሯጡ እንዳይጥሉት መምህሩ እጁን ይዞት ይዞር ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1811 ተዘጋ፤ አንደርሰን ግን ያንን መምህር እስከ ሽምግልናው በፍቅር ያስታውሰው ነበር። በ1850ዎቹም ለሟች እናቷ የተገባውን ቃል ጠብቃ በአይሁድነቷ ስለጸናች ሣራ ስለምትባል ልጅ አንድ ታሪክ ጽፏል። ታሪኩ የተጻፈው በክርስቲያን ዓይን ነው፤ እኛ ብንጽፈው ሌላ ይሆን ነበር። ቢሆንም ያች ልጅ ከልቡ እንዳልወጣች ያሳያል።

ከአባቱ ሞት በኋላ ልጁ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ሠራተኞቹ ሲያላግጡበት እናቱ አስወጣችው። የቲያትር ቤት መግቢያ ገንዘብ ስላልነበረው ከማስታወቂያ አዳዩ ጋር ተወዳጅቶ በየዕለቱ አንድ ወረቀት ይቀበለዋል፤ ከዚያ ከጥግ ተቀምጦ ከርዕሱ ተነሥቶ ቲያትሩን ሁሉ በሐሳቡ ይፈጥረዋል። እናቱ ልብስ ሰፊ እንዲሆንላት ትፈልግ ነበር። እሱ ግን 14 ዓመት ሲሞላው «ወደ ኮፐንሃገን ሄጄ ዝነኛ እሆናለሁ» ብሎ ለመናት። እናት ምን ታድርግ? ካርታና የቡና አተላ የምታነብ አንዲት ባልቴት አስጠራች። ባልቴቲቱም ሲኒውን አይታ «ልጅሽ ታላቅ ሰው ይሆናል፤ አንድ ቀን ኦዴንሴ ለእሱ ክብር በብርሃን ትጥለቀለቃለች» አለቻት። እናትየው አለቀሰችና ፈቀደችለት። ቡና ማን አገር እንደሚነበብ ለእናንተ አልነግራችሁም።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 1819 እናቱ እስከ ከተማው በር ሸኘችው። አያቱም እዚያ ትጠብቀው ነበር፤ አቅፋው አለቀሰች እንጂ አንድ ቃል መናገር አልቻለችም። ከዚያ በኋላ አላያትም። መቃብሯን እንኳ አያውቀውም። አገር ቤት በር ላይ ሽማግሌ ተሰናብታችሁ የመጣችሁ ሰዎች ይህን መስመር ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ልጁ በሴፕቴምበር 6 ቀን ኮፐንሃገን ሲገባ ከተማዋ በሁከት ላይ ነበረች። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በአይሁድ ላይ ብጥብጥ ተነሥቶ የነጋዴዎች መስኮት ይሰበር፣ ሰው በመንገድ ይደበደብ ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር? ከጦርነቱ በኋላ ድህነት በርትቶ ነበር፤ ንጉሡ ደግሞ በ1814 ለአይሁድ የዜግነት መብት ስለሰጠ የቀናባቸው ብዙ ነበር። በዚያው በጋ በጀርመን ከተሞች ተመሳሳይ ሁከት ተቀስቅሶ ነበርና እሳቱ ወደ ዴንማርክ ተሻገረ። ኋላ በጦር ኃይል ጸጥ ተደረገ። የ14 ዓመቱ ልጅ ግን ይህን አላወቀም፤ ትልቅ ከተማ ሁልጊዜ እንዲህ የሚተራመስ መስሎት ነበር።

በኮፐንሃገን ዘፋኝ ልሁን ብሎ ሞከረ፤ ድምፁ ተሰበረ። ዳንሰኛ፣ ተዋናይ ልሁን አለ፤ ቲያትር ቤቱ አሰናበተው። በመጨረሻው በ1822 ከንጉሣዊው ቲያትር ቤት ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ዮናስ ኮሊን ከንጉሡ ገንዘብ ወጪ እየተደረገለት እንዲማር አስፈቀደለት። ስላግልሴ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ገባ። ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር፤ የክፍል ጓደኞቹ ግን የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። ዋና አስተማሪው በሁሉ ፊት ደንቆሮ እያለ ይሰድበው ነበር። ደራሲው ያንን ጊዜ ከሕይወቱ ሁሉ የጨለመው ዘመን ነው ብሎታል። ቢሆንም አላቋረጠም፤ በ1828 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን አለፈ። በኡልፓን ከልጆቻችሁ ያነሰ ዕብራይስጥ እያወቃችሁ ፊደል ስትቆጥሩ የምታፍሩ አባቶች፣ ያንን ረጅም ጎረምሳ በሕፃናት መካከል ተቀምጦ አስቡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በኦዴንሴ የልብስ አጣቢ ልጅ አንደርሰን ብቻ አልነበረም። እሱን የለየው ተሰጥኦው ብቻ አይደለም። ከቤቱ ተረት አገኘ፤ ከደግ መምህር እጅ አገኘ፤ ከዮናስ ኮሊንና ከንጉሡ ገንዘብ አገኘ፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ራሱ እንቢ ብሎ ጸና። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ስሙን ባልሰማነው ነበር። ስለዚህ ለልጃችሁ የትምህርት ድጋፍ ወይም የነፃ ትምህርት ዕድል ሲኖር ልመና መስሏችሁ አትሸሹ። የሚያሳፍረው ዕድሉን መቀበል ሳይሆን ወረቀቱን ሳይሞሉ ቀኑን ማሳለፍ ነው።

ወደ እናትየው እንመለስ። አነ ማሪ በ1833 በኦዴንሴ የድሆች መጠለያ ውስጥ ሞተች። ልጇ ያን ጊዜ በጣሊያን አገር ነበር፤ ወሬውንም የሰማው በደብዳቤ ነው። አልቀበራትም። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1852፣ አንድ ታሪክ አሳተመ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ በወንዝ ለምታጥብ እናቱ የሚያሞቅ መጠጥ በኪሱ ይዞ ይሄዳል። የከተማው ሹም መንገድ ላይ አግኝቶት እናቱ ለምንም የማትረባ ሴት እንደሆነች ይነግረዋል። እናትየው ስትሞት ልጁ «እውነት እናቴ የማትረባ ነበረች?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዲት ድሀ ጎረቤትም «ዓለም የፈለገውን ይበል፤ እናትህ ትልቅ ሰው ነበረች» የሚል መልስ ትሰጠዋለች። አንደርሰን የዚህን ታሪክ መነሻ ሲናገር፣ በልጅነቱ ሰዎች ስለ አንዲት አጣቢ ክፉ ሲያወሩ የገዛ እናቱ ያችን ሴት እንዴት እንደተሟገተችላት አስታውሶ ነው። እናቱ ለጎረቤቷ የተናገረችውን ደግ ቃል ልጁ ለእናቱ መለሰላት።

በዲሴምበር 6 ቀን 1867 ኦዴንሴ አንደርሰንን የክብር ዜጋ አደረገችው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ማታ ችቦ ተይዞ ሰልፍ ወጣ፤ የየቤቱ መስኮት መብራት በራበት። ሽማግሌው ደራሲ ግን በዚያ ሰዓት ጥርሱን ክፉኛ ያመው ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ቆሞ ብርሃኑን ሲያይ የዚያች ሲኒ አንባቢ ቃል ትዝ አለው። ከመስኮቱ ሥር የነበረው ሕዝብ በአንድ ወቅት ያላገጡበት ሰዎች ልጆች ነበሩ። እናቱ ከሞተች 34 ዓመት ሆኗት ነበር።

የመጨረሻ ዘመኑን ያስታመሙት በኮፐንሃገን የሚኖሩት ሞሪትስና ዶሮቴያ ሜልኪዮር የተባሉ አይሁድ ባልና ሚስት ናቸው። በኦገስት 4 ቀን 1875 በእነሱ የገጠር ቤት ዐረፈ። በአምስት ስድስት ዓመቱ በአይሁድ ትምህርት ቤት እጁን የያዘው ሰው እንደነበረ ሁሉ፣ በ70 ዓመቱም እጁን የያዙት አይሁድ ነበሩ። መስኮት ሲሰበር ያየው ከተማ ውስጥ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ በሥራዬ አንዳንድ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ልጅ ዕብራይስጡን ፈጥኖ ይይዛል፤ እናቱን በሐኪም ቤትና በባንክ ያስተረጉምላታል፤ ቆይቶ ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ «አትምጪ፤ አይገባሽም» ይላታል። እናትም ተሸማቃ ትቀራለች። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ሂዱ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ውርደት አይደለም። መምህሩ ልጃችሁን ካዋረደው ዝም አትበሉ፤ አነ ማሪ ፊደል ሳትቆጥር ዝም አላለችም።

ማታ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጥቂት ይጥፋ። በአማርኛም ይሁን በትግርኛ፣ የጦጣውንና የጅቡን፣ የእናታችሁን ቤትና ወንዙን፣ በእግር የመጣችሁበትን መንገድ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ልጁ «በዕብራይስጥ ካልሆነ አይገባኝም» ቢል ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ቀጥሉ። አያቶችም ካሉ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጡት፤ ሽማግሌ ሲሞት የሚሄደው ብዙ ነው። ልጁ ታሪኩን ምን እንደሚያደርገው እናንተ አታውቁም። አነ ማሪም በጣራዋ ላይ ያንን ሣጥን ስትተክል አላወቀችም ነበር።